«ተክቶ ይሠራል» ወይስ «ይሆናል»? ለዜግነት ፈተና አስተማሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዩናይትድ ስቴትስ በየኢትዮጵያውያን ማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለወገኖቻችን የዜግነት ፈተና ለምታስተምሩ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከሥራና ከልጆች የተረፈችውን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰጥታችሁ፣ እንግሊዝኛ የከበዳቸውን እናቶችና አባቶች አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ በአንድ የምታስጠኑ ሰዎች መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ከቤተሰቤ ሦስት ሰዎች በእናንተ ትጋት የዜግነት መሐላቸውን ፈጽመዋል። ከዚህ በታች የማቀርበው ቅሬታ ውለታ ቢስ እንዳያሰኘኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቅሬታዬ ስለ አንድ ግሥ ነው።

በ2008 በወጣው የ100 ጥያቄዎች ዝርዝር (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 30ኛው ጥያቄ፣ ፕሬዚዳንቱ ከእንግዲህ ማገልገል የማይችል ከሆነ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱም «ምክትል ፕሬዚዳንቱ» የሚል ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ይህ ጥያቄ ተራ ቁጥሩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፣ ማን እንዳዘጋጀው ያልተጻፈበት የአማርኛ መለማመጃ ወረቀት ግን ጥያቄውን «ፕሬዚዳንቱ መሥራት ካልቻለ ተክቶ የሚሠራው ማን ነው?» ብሎ አስቀምጦታል። መልሱ ያው ስለሆነ ለፈተናው ልዩነት የለውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም አክስቴ እስክትጠይቀኝ ድረስ እንዲሁ ብዬ አልፌው ነበር።

አክስቴ ዕድሜዋ ከ55 ዓመት ያለፈና በግሪን ካርድ ከ15 ዓመት በላይ የኖረች በመሆኗ፣ እንግሊዝኛው ቀርቶላት የሲቪክስ ጥያቄዎቹን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ በኩል እንድትመልስ ሕጉ ይፈቅድላታል። ለእሷና ለመሰሎቿ የአማርኛው ቃል ማብራሪያ ሳይሆን ፈተናው ራሱ ነው። ወረቀቱን ሳነብላት መነጽሯን አውልቃ፣ «ተክቶ የሚሠራው እስከ መቼ ነው? ሰውየው እንደራሴ ነው ወይስ አልጋ ወራሽ?» አለችኝ። በአገራችን የቤተ መንግሥት ቋንቋ እነዚህ ሁለት ቃላት ለየቅል መሆናቸውን እናንተም ታውቃላችሁ። እንደራሴ፣ ራስ ተሰማ ናደው ለልጅ ኢያሱ እንደነበሩት፣ የሌላ ሰው በሆነ ዘውድ ሥር ሥልጣን የሚሠራ ነው፤ አልጋ ወራሽ ግን ቀኑ ሲደርስ አልጋው የራሱ ይሆናል። በ1916 ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው ሁለቱንም ማዕረግ ደርበው መያዛቸው ራሱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ያሳያል። አክስቴ ሳታውቀው የጠየቀችው፣ አሜሪካኖች ከ1841 እስከ 1967 ድረስ፣ ማለትም 126 ዓመት ሙሉ፣ በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የጠራ መልስ ያላገኙለትን ጥያቄ ነው። የእናንተ ወረቀት ይህን ጥያቄ በአንድ ግሥ፣ ያውም በተሳሳተው በኩል፣ ዘግቶታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ ነው። የ1787ቱ ጽሑፍ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ቢወገድ፣ ቢሞት፣ ቢለቅ ወይም የሥልጣኑን ኃላፊነትና ተግባር መፈጸም ቢሳነው፣ «ያው ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ይተላለፋል» ይላል። እንግሊዝኛው ላይ ያለችው ቃል ልክ እንደ አማርኛችን «ያው» ናት፤ ወደ ኋላ ትጠቁማለች እንጂ ምን እንደምትጠቁም አትናገርም። ያው የተባለው ፕሬዚዳንትነቱ ነው? ወይስ ኃላፊነቱና ተግባሩ ብቻ? የመጀመሪያው ከሆነ ምክትሉ ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሆነ ምክትል ሆኖ ቀርቶ ሥራውን ብቻ ይሠራል። ብዙ የሕግ ታሪክ ሊቃውንት የአርቃቂዎቹ ሐሳብ ሁለተኛው እንደነበረ ያምናሉ፤ ቀድሞ በቀረቡት ረቂቆች ላይ የነበረው ግልጽ አነጋገር ቋንቋውን እንዲያሳምር በተቋቋመው ኮሚቴ እጅ ሲያጥር «ያው» ብቻ ቀረች። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና። ዐረፍተ ነገሩ መሞትን፣ መልቀቅን፣ መወገድንና ለጊዜው መሳንን በአንድ ግሥ ጠቅልሎ ነው ያሰራቸው።

ጥያቄው 50 ዓመት ያህል ተኝቶ ቆየ። በ1841 ማርች 4 ቀን መሐላ የፈጸሙት የ68 ዓመቱ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በወሩ፣ ኤፕሪል 4 ቀን ዐረፉ፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ የሞቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ምክትላቸው ጆን ታይለር በቨርጂኒያ ዊልያምስበርግ ከቤታቸው ነበሩ። መርዶው ደርሷቸው ወደ ዋሽንግተን ገሠገሡ፤ ኤፕሪል 6 ቀንም በአንድ ሆቴል ውስጥ በዳኛው በዊልያም ክራንች ፊት የፕሬዚዳንትነቱን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ታይለር የምክትልነቱ መሐላ ያለ ሌላ መሐላ ለፕሬዚዳንትነቱም እንደሚበቃ ያምኑ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይጠራጠር ሲሉ ግን ማሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላሉም። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ፣ ሰውየው ራሱን «ፕሬዚዳንት» ማለቱ አግባብ እንዳልሆነና ሊባል የሚገባው «እንደ ፕሬዚዳንት የሚሠራ ምክትል ፕሬዚዳንት» እንደሆነ በማስታወሻቸው ላይ በምሬት ጻፉ። ተቃዋሚዎቻቸው «ድንገቴው» እያሉ ተሳለቁባቸው። ታይለር ግን «ለተጠባባቂው ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ሳይከፍቱ ይመልሱት ነበር። በዚያው ዓመት በተጠራው ልዩ ጉባኤ ላይ ማዕረጉን ለማሳነስ የቀረበው ሐሳብ በሁለቱም ምክር ቤቶች ወድቆ ኮንግረሱ «ፕሬዚዳንት» ብሎ ጻፈላቸው።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ፣ ማዕረግ ላይ ይህን ያህል መጨቃጨቅ የከንቱ ክብር ጉዳይ ነው ቢለኝ አልፈርድበትም። ነገር ግን በወሮች ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። ታይለር በዊግ ፓርቲ ካርድ የተመረጡት ከቨርጂኒያ ድምፅ ለመሰብሰብ ነበር እንጂ የፓርቲውን እምነት የሚጋሩ ሰው አልነበሩም። ፓርቲው የሚሻውን የብሔራዊ ባንክ ሕግ ሁለት ጊዜ በድምፅ መሻር መብታቸው ሲመልሱት፣ በሴፕቴምበር 1841 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከዳንኤል ዌብስተር በቀር ካቢኔው በሙሉ ለቀቀ፤ ፓርቲውም አባረራቸው። እንደራሴ ቢሆኑ ኖሮ የሟቹን ፓርቲ ፈቃድ መፈጸም ግዴታቸው ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። አልጋ ወራሽ ግን የሟቹ ዕዳ የለበትም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነገሩ በባሰ ሁኔታ ታየ። በጁላይ 1850 ዛካሪ ቴይለር ሲሞቱ፣ በባርነት ጉዳይ በኮንግረስ የቀረበውን ስምምነት የሚቃወም ፕሬዚዳንት ሄዶ የሚደግፍ ፕሬዚዳንት መጣ። ሚላርድ ፊልሞር የሟቹን ካቢኔ በሙሉ አሰናበቱ፤ በሴፕቴምበርም ያመለጡ ባሮችን ከነጻዎቹ ግዛቶች ሳይቀር እያስያዘ የሚያስመልሰውን ሕግ ፈረሙ። ምርጫ አልተደረገም፤ የተለወጠው የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው። ለአረጋውያን ተማሪዎቻችሁ ምክትሉ «ይሆናል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አሁን ወደ ኋላ እመለሳለሁ ወዳልኋችሁ ነገር ልምጣ፤ ለእኔ የታሪኩ እምብርት እሱ ነውና። ታይለር በሞት ጊዜ ያሸነፉት ክርክር በሕመም ጊዜ ወጥመድ ሆነ። አራቱ ምክንያቶች በአንድ ግሥ የታሰሩ ከሆኑ፣ ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ምክትሉ ፕሬዚዳንት የሚሆን ከሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ሲታመምም እንዲሁ ፕሬዚዳንት ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ የታመመው ሲድን ወዴት ይመለሳል? በአንድ ጊዜ ሁለት ፕሬዚዳንት ሊኖር አይችልም።

ጀምስ ጋርፊልድ ጁላይ 2 ቀን 1881 በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ፤ የሞቱት ሴፕቴምበር 19 ቀን ነው። በነዚያ ሰማንያ በሚጠጉ ቀናት የፈረሙት ይፋዊ ወረቀት አንድ ብቻ፣ እሱም አንድ ተፈላጊ ወንጀለኛን አሳልፎ ስለ መስጠት ነበር ይባላል። ካቢኔው ምክትሉን ቼስተር አርተርን ይጥራቸው ወይስ አይጥራቸው በሚለው ላይ ሲመክር፣ አርተር አንድ ጊዜ ከገቡ ጋርፊልድ ቢድኑ እንኳ ሊመለሱ አይችሉም የሚለው ፍርሃት አሰረው። አርተርም ኒው ዮርክ ተቀምጠው አልሞክረውም አሉ፤ ተኳሹ ቻርልስ ጊቶ ሲያዝ «አሁን አርተር ፕሬዚዳንት ይሆናል» ብሎ መጮኹ በራሱ ለእኒህ ሰው እሾህ ነበር። አገሪቱ በዚያ በጋ መሪ አልባ ሆና ከረመች። በኦክቶበር 1919 ውድሮው ዊልሰን በስትሮክ ሲወድቁ ደግሞ ከዚያ የከፋ ሆነ፤ የሥልጣን ዘመናቸው እስኪያበቃ 17 ወር ያህል የቀረው ሲሆን፣ ባለቤታቸው ኢዲት ዊልሰን ማን እንደሚገባና የትኛው ወረቀት እንደሚቀርብ ይወስኑ ነበር፤ ምክትሉ ቶማስ ማርሻል ቀማኛ እንዳይባሉ ፈርተው ንቅንቅ አላሉም። እንግዲህ የታይለር ቆራጥነት አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን ጠርቅሞት እንደነበር ታያላችሁ። ታይለርን ለማመስገንም ለመውቀስም እቸገራለሁ፤ ይሁንና በዚያች ሳምንት ሥልጣኑን እንደ ውክልና ይዘውት ቢሆን ኖሮ አገሪቱ አራት ዓመት ሙሉ የሚታዘዝላት መሪ ማጣቷ አይቀርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሌላም ቀዳዳ ነበር። ምክትሉ ፕሬዚዳንት ሲሆን የምክትሉን ወንበር ማን ይሞላዋል? ማንም። እስከ 1967 ድረስ ወንበሩ 16 ጊዜ ባዶ ሆኗል፤ ስምንት ጊዜ ምክትሉ ወደ ላይ በመውጣቱ፣ ሰባት ጊዜ በመሞቱ፣ አንድ ጊዜ ጆን ካልሁን በ1832 በመልቀቃቸው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። በ1868 ግን የሊንከን ተተኪ አንድሪው ጆንሰን በኮንግረስ ተከሰው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲዳኙ፣ ቢወገዱ የሚተኳቸው በጊዜው ሕግ መሠረት የዚያው ምክር ቤት ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌድ ነበሩ፤ ዌድም ከፈራጆቹ አንዱ ሆነው ተቀምጠው «ጥፋተኛ ነው» ብለው ድምፅ ሰጡ። ጆንሰን የዳኑት በአንድ ድምፅ ጉድለት፣ በ35 ለ19 ነው። ወራሹ ራሱ ዳኛ የሆነበት ችሎት በእኛ አገር ተረት ውስጥ ቢነገር እንኳ የሚያስቅ ነበር።

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ጆን ኬኔዲ በዳላስ ሲገደሉ ቀዳዳው ለሁሉም ታየ። ሊንደን ጆንሰን በአውሮፕላኑ ውስጥ በዳኛ ሳራ ሂዩዝ ፊት ማሉ። አዲሱ ፕሬዚዳንት በ1955 ከባድ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ነበር፤ ተከታያቸው የ71 ዓመቱ አፈ ጉባኤ ጆን ማኮርማክ፣ ከእሳቸው ቀጥለው ደግሞ የ86 ዓመቱ ሴናተር ካርል ሄይደን ነበሩ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ግን እስከ ጃንዋሪ 1965 አልነበረም። ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው የኢንዲያናው ሴናተር በርች ባይ የመሩት 25ኛው ማሻሻያ የመጣው። ኮንግረስ በጁላይ 1965 አሳለፈው፤ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1967 በግዛቶቹ ጸደቀ። የመጀመሪያው ክፍሉ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ቢወገድ፣ ቢሞት ወይም ቢለቅ ምክትል ፕሬዚዳንቱ «ፕሬዚዳንት ይሆናል» ይላል። «ያው» ቀረች፤ «ይሆናል» ገባች። ወረቀታችሁ ላይ የጠፋችው ግሥ ይህች ናት።

በነገራችን ላይ፣ ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ በንጉሡ ዘመን የተወለዱ ስለሆኑ ይህን ብትነግሯቸው ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ማሻሻያው በጸደቀ በሦስተኛው ቀን በኋይት ሐውስ በክብር የተቀበሏቸው እንግዳ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ጃንሆይ የዚህን አገር የሥልጣን ውርስ እንደ እሳቸው በቅርብ ያየ የውጭ መሪ ጥቂት ነው፤ በፌብሩዋሪ 1945 በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ ያነጋገሯቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሁለት ወር ውስጥ ዐረፉ፤ በኦክቶበር 1963 በዋሽንግተን የተቀበሏቸው ኬኔዲ ሁለት ወር ሳይሞላ ተገደሉና በቀብራቸው ላይ ከዓለም መሪዎች ጋር በእግራቸው ሄዱ።

ማሻሻያው ለሕመሙም መልስ ሰጥቷል፤ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ በማስቀመጥ። ሦስተኛው ክፍል ፕሬዚዳንቱ ራሱ በደብዳቤ ለጊዜው ሥልጣኑን ሲያስረክብ፣ አራተኛው ደግሞ ምክትሉና አብዛኛው የካቢኔ አባላት እንደማይችል ሲያስታውቁ፣ ምክትሉ «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ሆኖ እንዲሠራ ይደነግጋል። አራተኛው ክፍል እስካሁን አልተሠራበትም። ሦስተኛው ግን ለሕክምና ማደንዘዣ ሲባል ተሠርቶበታል፤ ጆርጅ ቡሽ በ2002 እና በ2007፣ ጆ ባይደንም ኖቬምበር 19 ቀን 2021 ሥልጣናቸውን ለአጭር ጊዜ አስረክበዋል። በመጨረሻው ጊዜ ካማላ ሃሪስ 85 ደቂቃ ያህል ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የፕሬዚዳንትነትን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ተባሉ። እንግዲህ «ተክቶ ይሠራል» ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ አክስቴ «እንደራሴ» ያለችው።

ከ45ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ዘጠኙ ግን በ«ይሆናል» በኩል፣ ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ወይም ሲለቅ ከምክትልነት ወጥተው የመጡ ናቸው፤ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ስማቸውን በቃል ማስጠናት አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ታሪክ ግን ይጠቅማል። በ1923 ዋረን ሃርዲንግ በሳን ፍራንሲስኮ ሲሞቱ ካልቪን ኩሊጅ ቬርሞንት ውስጥ፣ ስልክ በሌለው በአባታቸው የገጠር ቤት ነበሩ። አባትየው ኖተሪ፣ በእኛ አባባል የውልና ማስረጃ ሹም ነበሩና፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ በኩራዝ ብርሃን ልጃቸውን አስምለው ፕሬዚዳንት አደረጉ። የአንድ ግዛት ኖተሪ የፌዴራል ሹምን ማስማል ይችላል ወይ የሚል ጥርጣሬ ስለተነሣ በኋላ በዋሽንግተን በዳኛ ፊት በምስጢር ደግመው ማሉ። አረጋውያን ይህችን የሰሙ ዕለት 30ኛውን ጥያቄ አይረሱም፤ በአክስቴ አይቼዋለሁ።

ሃሪ ትሩማን ደግሞ ምክትል ከሆኑ 82 ቀናቸው ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ወደ ኋይት ሐውስ ተጠርተው መርዶውን ከባለቤቲቱ ከኤሌኖር ሩዝቬልት ሲሰሙ ምን ልርዳዎት ቢሏቸው፣ ይልቅ እኛ እርስዎን ምን እንርዳ፣ አሁን መከራው የእርስዎ ነው የሚል መልስ አገኙ። ስለ አቶሚክ ቦምቡ ሙሉ ገለጻ የተሰጣቸው በ13ኛው ቀን ነው። በእውነት፣ ሁለተኛውን ሰው የሚመርጡ ፓርቲዎች ሰውየው ወደ ላይ ሊወጣ እንደሚችል እያወቁ የድምፅ ማመጣጠኛ ብቻ አድርገው ማየታቸው፣ ከተመረጠም በኋላ በር ላይ ማስቆማቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቴዎዶር ሩዝቬልትን የኒው ዮርክ ፓርቲ አለቃ ቶማስ ፕላት ለምክትልነት የገፋፋቸው ከአስተዳዳሪነቱ ወንበር ለማስነሣት ነበር፤ ምክትል በሆኑ በስድስት ወራቸው፣ በሴፕቴምበር 1901፣ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ተገድለው በ42 ዓመታቸው የአገሪቱ ለጋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዲሴምበር 1903 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በአዲስ አበባ የተፈረመው የመጀመሪያው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የንግድ ውልም የእሳቸው መንግሥት ሥራ ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን ሌላ ነው። ይኸው በኩራዝ የማሉት ኩሊጅ፣ ገና በራሳቸው ስም ሳይመረጡ፣ በሜይ 1924 ለየአገሩ የመግቢያ ኮታ የሚመድበውን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ፤ በዚያ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያንን የትውልድ አገር ኮታ የሻረውን ሕግ በኦክቶበር 1965 በነጻነት ሐውልት ሥር የፈረሙት ደግሞ ሊንደን ጆንሰን ናቸው። የኮታውን ሕግ የዘረጋውም ያፈረሰውም ፊርማ በዚህ መንገድ ወደ ሥልጣን የመጣ ሰው ፊርማ ነው፤ ጆንሰን በ1964 በራሳቸው ስም ተመርጠው እንደነበር ሳልዘነጋ። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችሁ በቤተሰብ ጥሪ የመጡ ናቸው፤ ጥሪው የቆመበት ሥርዓት ከዚያ ሕግ የመጣ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንትን የጌጥ ሹመት አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህን እጠቅስለታለሁ።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ፣ ምርጫ ለምን አይደገምም የሚል ነው። አይደገምም፤ የቀረውን ዘመን ተተኪው ይጨርሰዋል። ከሁለት ዓመት በላይ የሌላውን ዘመን ከሠራ ግን፣ በ1951 በጸደቀው 22ኛው ማሻሻያ መሠረት በራሱ ስም ሊመረጥ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የወጡት አራቱ አንዳቸውም በራሳቸው ስም አልተመረጡም፤ በሃያኛው ግን ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ኩሊጅ፣ ትሩማንና ሊንደን ጆንሰን ተመርጠዋል። ጄራልድ ፎርድ በ1976 ተሸንፈዋል። የፎርድ ነገር ለብቻው ነው፤ ስፓይሮ አግኒው በኦክቶበር 1973 ሲለቁ በአዲሱ ማሻሻያ ሁለተኛ ክፍል መሠረት ኒክሰን አጭተዋቸው፣ የሕግ መወሰኛው በ92 ለ3፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ387 ለ35 አጽድቀዋቸው ምክትል ሆኑ፤ ኦገስት 9 ቀን 1974 ኒክሰን ሲለቁ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለፕሬዚዳንትነትም ለምክትልነትም የመራጭ ድምፅ ያልተሰጣቸው ብቸኛው ፕሬዚዳንት ናቸው። ሴፕቴምበር 8 ቀን ኒክሰንን በይቅርታ ማሩ፤ በአራተኛው ቀን ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ የኛ ሰው ግን ሳያነሣው አያልፍም።

በመጨረሻ ስለ 2008ቱ ዝርዝር 31ኛ ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ሁለቱም ማገልገል ካልቻሉ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ማን ነው ሲል መልሱ «የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ» ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ራሱ ላላ ብሏል። አፈ ጉባኤውን ከምክትሉ ቀጥሎ ያስቀመጠው የ1947ቱ ሕግ፣ አፈ ጉባኤው ከአፈ ጉባኤነቱና ከምክር ቤት አባልነቱ ለቅቆ «እንደ ፕሬዚዳንት ይሠራል» ይላል እንጂ «ፕሬዚዳንት ይሆናል» አይልም። ስለዚህ «ተክቶ የሚሠራው» የሚለው አማርኛችን በ30ኛው ላይ ስሕተት፣ በ31ኛው ላይ ግን ከመንግሥት ወረቀት ይልቅ ለሕጉ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ፈተና ፈተና ነውና፣ ተፈታኝ የሚሰማው ጥያቄ ከኦፊሰሩ አፍ ከሚወጣው ጋር መመሳሰል አለበት፤ የሕጉን ልዩነት በቃል ማስረዳት ይበቃል።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ወረቀቱን በምታባዙበት ጊዜ ሁለቱን መስመሮች እንደሚከተለው እንድታርሙልኝ ነው፦

30ኛ፦ ፕሬዚዳንቱ ከእንግዲህ ማገልገል የማይችል ከሆነ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ማን ነው? መልስ፦ ምክትል ፕሬዚዳንቱ።

31ኛ፦ ፕሬዚዳንቱም ምክትል ፕሬዚዳንቱም ከእንግዲህ ማገልገል የማይችሉ ከሆነ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ማን ነው? መልስ፦ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ።

ከጥያቄዎቹ ሥር ቦታ ካለ፣ ፕሬዚዳንቱ ለጊዜው ሲታመም ምክትሉ «ተጠባባቂ» እንደሚባልና ፕሬዚዳንቱ ሲድን ወንበሩን እንደሚረከብ አንድ መስመር ብታክሉበት እሰየው ነው። አስተርጓሚ ሆናችሁ ከተፈታኞች ጋር የምትገቡም «ይተካል» ከማለት «ይሆናል» ብትሉ መልካም ነው። የአክስቴ ቀጠሮ በሚመጣው ወር ስለሆነ፣ የታረመው ወረቀት ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንዲት ተፈታኝ የወንድም ልጅ